ሐሙስ ላጲስ

ኩዎፒዮ። ጥር ወር። ሐይቁ መኪና ሲሸከም፣
ፀሐይ ገና ወጥታ፣ ገና ሳትሞቅ ስትደክም፣
ቱይሬ በረዶውን ከጫማዋ አራግፋ፣
ጓንቷን ባፏ ስባ፣ እጅጌዋን አጥፋ፣
ሰባት ብልቃጦች ፊት እንደ ሁሌው ቆመች፤
ከያንዳንዱ ሆድ ውስጥ ጠብታ ቀሰመች።
ከመቶ አንዱ እጅ ለነገ ይተርፋል፣
ዘጠና ዘጠኙ ወደ እሳት ያልፋል።
በየሁለት ቀኑ፣
አሥራ አንድ ዓመት፤
እሑድ የለ፣ ገና የለ፣
የሠርግ፣ የለቅሶ ዕለት።

ብልቃጡ ውስጥ ያለው ጭጋግ ነው ላላየ፤
በማይክሮስኮፕ ግን ዓለም ተለያየ፦
ባክቴሪያው ታዳኝ ነው፣ ዘንግ የመሰለ፣
አዳኙ ፀጉራም ነው፣ አፍ ብቻ ያከለ፣
ይሽከረከራል በሽፋሽፍቱ ቀዝፎ፣
ሺህ ዘንግ ይውጣል በቀን፣ ተራ አሰልፎ።

በመጀመሪያው ወር ድግስ ነበር፣ ድግስ፣
አፉ አልዘጋ ብሎ ያ ፀጉራም ሲያግበሰብስ።
ብልቃጡ ጠራ።
«አለቀ» ብላ ጻፈች በደብተሯ፣ በእርሳስ፤
ሐሙስ ጠዋት ገብታ ፈለገች ላጲስ።

ከታች፣ ከብልቃጡ ወለል፣ ከጥጉ ጋ፣
እፍኝ የማይሞላ ተርፏል ከዚያ መንጋ፣
ተቃቅፎ፣ ባወጣው ሙጫ ተጋግሮ፣
ካዳኙ አፍ የሚሰፋ ጉብታ ፈጥሮ።
ድር ሲያብር እንዲህ ነው፤ አንበሳው አልታሰረም፣
ቀኑን ሙሉ ዞረ እንጂ ጉርሻ አልሰመረም።

ግን ሙጫ ዕዳ አለው፤ መተቃቀፍ ያስርባል፤
መሃል ለተቀመጠ ማን አየር ያቀርባል?
አዳኙም አልተኛ፤ ከሚሊዮኑ መሃል
አንዱ ሲወለድ አፉ ከወንድሙ ይሰፋል፤
ያ አንዱ ጉብታውን ከዳሩ ይገምሳል፣
የበላ ይወልዳል፣ የወለደ ይነግሣል።
ታዳኙ መረረ፤ አዳኙ መራራ ለመደ፤
አንዱ በር ቆለፈ፣ ሌላው ቁልፍ ወለደ።

ማንም አላሰበም፤ ይሄን ልብ በሉ፤
ቂምም ብልሃትም የለ በዚያ ጠብታ ሁሉ፤
ፊደል ሲገለብጡ መሳት ነው፣ መሳት፣
ስሕተትንም ይዞ መግባት ወደ እሳት።

ከዜሮ በታች በሰማንያ ዲግሪ ብርድ፣
ተኝቷል በቱቦ ተራ በተራ ትውልድ፣
ቁጥር ተለጥፎበት፣ በቱይሬ የእጅ ጽሕፈት
(የስምንትን ወገብ ማጥበቅ የእርሷ ምልክት)።
ታኔሊ፣ ረዳቷ፣ ወደደ ሊጠይቅ፦
«ያ የመጀመሪያው አዳኝ ከበረዶ ቢላቀቅ?»

አቀለጡት። ነቃ። ቀዘፈ እንደ ድሮ፣
ያችኑ ድግስ ሊበላ ቆጥሮ።
የዛሬው ታዳኝ ግን ሆነበት ግድግዳ፤
ሦስት ቀን ዞረና ሞተ፣ ማዕድ ፊት፣ እንግዳ።
ከዚያ ገለበጡት፤ የዛሬውን አዳኝ
ለጥንቱ ታዳኝ ሰጡት፣ ጋሻ ለማያገኝ፤
በእኩለ ቀን ጨረሰው።

ታኔሊ ሳቀ።
ቱይሬ እርሳሷን በጥርሷ ይዛ ቆየች።
«አልበረቱም እኮ» አለች፣
«እርስ በርስ ተቀራረጹ እንጂ።
ያላንዱ ሌላው ምን መልክ አለው?»

ሰባተኛው ብልቃጥ አዳኝ አያውቅም፤
አሥራ አንድ ዓመት ሰላም፤ አይተቃቀፍም፣ አይጣበቅም።
ሙጫውን ረስቷል፣ ይፈጥናል፣ ይወፍራል፣
ጠላት እንደሌለው ሰው በሩን ከፍቶ ያድራል።
ታኔሊ አንድ ጠብታ አዳኝ ሊጨምርበት ሲል፣
«ተው፣ የሌሎቹ ሚዛን እርሱ ነው፤ ይኑር፣ ይቀጥል።»

መጋቢት ላይ ቱይሬ ጡረታ ወጣች።
ኬክ ተቆረሰ። አበባ ታቅፋ
ሐይቁን በእግሯ አቋረጠች።
በረዶው ይንቋቋ ነበር፤
ከሥሩ፣ በጨለማው፣ ያው ሩጫ፣
ደብተር የሌለው፣
ማንም በጠብታ ያልቀዳው።

ሚያዝያ፣ ማክሰኞ። ብልቃጥ አራት ጠራ።
ታኔሊ ብቻውን ነው፤ የለም የሚጠራ።
መብራት ላይ ያዘው፣ አዘነበለው፣ ናቀ፤
በደብተሩ ጻፈ በእርሳስ፦ «አለቀ»።
መሳቢያውን ሲስበው ከጥጉ ወደቀ
ያ የቱይሬ ላጲስ፣ ግማሹ ያለቀ።

አስቀመጠው፣ ከደብተሩ ጎን።
ሐሙስ ሁለት ቀን ነው።
ለእነርሱ፣ ሰባት ትውልድ።